የጥንቸላችሁን ውሃና ሽንት እንዴት እንደምትከታተሉ

ጥንቸል አለኝ ስል ሰው የሚለኝ አንድ ነው፤ «ለምኗ ነው? አትበላ፣ አትታለብ!» እውነታቸውን ነው። ጎጃም ውስጥ ጥንቸል ድስት ውስጥ አትገባም። የእኔዋ ጉብሊት ትባላለች። ግራጫ ናት፣ ሁለት ኪሎ ትመዝናለች፣ ሥራዋ ድርቆሽ ማኘክና ያገኘችውን የነጠላ ጫፍ መብላት ነው። ባሕር ዳር ውስጥ በአንዲት ጠባብ ግቢ አብረን እንኖራለን።

ይህን የምጽፈው አንድ ጥፋት ስለሠራሁ ነው። ሳህኗን የምንሞላው ሁለት ነበርን። ጠዋት ሥራ ከመሄዴ በፊት እኔ፣ ከሰዓት ደግሞ የእህቴ ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ። ማታ ስገባ ሳህኑ ሙሉ ነው፤ ጠዋት የሞላሁት ነው ብዬ አልፋለሁ። ልጅቷ ስትመጣ ባዶ ሆኖ ታገኘዋለች፣ ትሞላዋለች፣ ማንም አልጠየቃትምና አልነገረችንም። እንዲህ ሆነን ሦስት ሳምንት ያህል ቆየን። ጉብሊት ድሮ ከምትጠጣው እጥፍ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ውሃ እየጠጣች ሁለታችንም አላወቅንም። የነቃነው አገጯ ስር ሁልጊዜ እርጥብ ሲሆንና ጀርባዋን ስንዳብሳት አጥንቷ እጃችን ላይ ሲመጣ ነው።

የመንጋጋ ጥርሷ አድጎ ምላሷን ይወጋት ነበር። የጥንቸል ጥርስ ዕድሜ ልክ ያድጋል፤ በድርቆሽ ካልተፋጨ ይሾላል። ማኘክ ሲያቅታት ሆዷን በውሃ ትሞላ ነበር። ጥንቸል ምግብ ሲቀንስባት ውሃ ማብዛቷ የታወቀ ነገር ነው፤ እኔ ግን አላውቅም ነበር። ሳህኑ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲናገር የሰማው ሰው አልነበረም።

ጥንቸል ደግሞ ሕመሟን ትደብቃለች። ውሻ ያለቅሳል፣ ድመት ትጮሃለች። ጥንቸል ዝም ነው። በዱር ሁሉም የሚበላት እንስሳ ስለሆነች ደካማ መስላ መታየት አትፈልግም። ስለዚህ ከፊቷ ምንም አታገኙም። ከሳህኗና ከሽንቷ ግን ታገኛላችሁ። በሉ እንጀምር።

መጀመሪያ ኪሎዋን እወቁ

የምትጠጣው ውሃ ከክብደቷ ጋር ካልታየ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይናገርም። ቤት ውስጥ ሚዛን ከሌላችሁ አትክልት የሚሸጥ ሱቅ ሂዱ። ዘንቢል ውስጥ አስቀምጣችሁ አስመዝኗት፣ ከዚያ ባዶውን ዘንቢል አስመዝናችሁ ቀንሱ። የእኛ ሰፈር ባለሱቅ የመጀመሪያ ቀን ሳቀብኝ፤ አሁን ገና ከሩቅ ሲያየኝ «ዛሬስ ኪሎዋ ስንት ገባ?» ይለኛል።

ጤነኛ ጥንቸል በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቷ ከ50 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ውሃ ትጠጣለች። ሁለት ኪሎ ለሆነችው ጉብሊት ከ100 እስከ 300 ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ክፍተቱ ሰፊ ነው። 120 ትጠጣ የነበረች ጥንቸል 280 ብትገባ ያው «ጤነኛ» ከሚባለው ውስጥ ናት፤ ግን ከእጥፍ በላይ ጨምራለች። ስለዚህ ይህን ቁጥር ለመነሻ ያዙት እንጂ አትደገፉበት። የምትፈልጉት የእሷን የራሷን ቁጥር ነው።

ክብደቷን በሳምንት አንዴ ድገሙት፣ ሁልጊዜ በአንድ ቀን። እኛ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሁለት ኪሎ ለሆነች እንስሳ 100 ግራም መቀነስ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ 60 ኪሎ የሆነ ሰው 3 ኪሎ ከሳ እንደማለት ነው።

አንድ ሳህን፣ አንድ ሰው፣ አንድ ሰዓት

ከእኔ ጥፋት የተማርኩት ይህንን ነው። ውሃውን የሚለካውና የሚሞላው አንድ ሰው ይሁን። ሌላ ሰው መሙላት ካለበት ጽፎ ይሙላ።

መለኪያ ለመግዛት አትቸገሩ። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ያዙ። ከፋርማሲ መርፌ የሌለው ባለ 10 ወይም ባለ 20 ሲሲ ሲሪንጅ ግዙ፤ 1 ሲሲ ማለት 1 ሚሊ ሊትር ነው። በሲሪንጁ 50 ሲሲ ውሃ ሃይላንዱ ውስጥ ጨምሩና ውሃው የደረሰበት ላይ በማርከር መስመር አስምሩ። ሌላ 50፣ ሌላ መስመር። እስከ አንገቱ እንዲህ ቀጥሉ። ይኸው መለኪያ!

ጠዋት በአንድ ሰዓት፣ እንበል 1 ሰዓት ላይ፣ 400 ሚሊ ሊትር ለኩና ሳህኑ ላይ አድርጉ። በማግስቱ በዚያው ሰዓት የተረፈውን መልሳችሁ ሃይላንዱ ውስጥ ገልብጡ። እንዳይፈስባችሁ የሌላ ሃይላንድ አንገት ቆርጣችሁ ገልብጣችሁ ብትሰኩበት ጥሩ ማፍሰሻ ይሆናል። 400 አድርጋችሁ 210 ከተረፈ 190 ጠጣች ማለት ነው። አለቀ።

አላለቀም እንጂ። ውሃ ይተናል። በተለይ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ባሕር ዳር ውስጥ ክፍት ሳህን ላይ ያለ ውሃ ማንም ሳይነካው ይጎድላል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ተመሳሳይ ሳህን በተመሳሳይ ውሃ ሞልታችሁ እሷ የማትደርስበት፣ ግን አጠገቧ ያለ ቦታ ላይ አስቀምጡ። ከዚያኛው የጎደለውን ከእሷው ላይ ቀንሱ። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ሳምንት ሙሉ ጉብሊት ጠጣች ብዬ ስጽፍ የነበረውን ግማሹን ፀሐይ ነው የጠጣችው ለማለት ምንም አይቀረኝ።

ሳህኑ ከባድ የሸክላ ሳህን ቢሆን ይመረጣል። ፕላስቲኩን በጥርሷ አንስታ ትገለብጠዋለች፣ ያን ጊዜ ልኬታችሁ ገደል ገባ። ጫፉ ላይ ትንሽ ኳስ ያለው የሚንጠለጠል ጠርሙስ የምትጠቀሙ ከሆነ ኳሷን በየቀኑ በጣታችሁ ነካ አድርጉ፤ ስትጣበቅ ውሃው አይወርድም፣ እናንተ ደግሞ «ዛሬ አልጠጣችም» ብላችሁ ትደነግጣላችሁ። ጥንቸል ከሳህን ስትጠጣ ይቀላታል፣ የበለጠም ትጠጣለች። እኔ ጠርሙሱን ከተውኩት ቆየሁ።

ሁለት ጥንቸል አብረው የሚኖሩ ከሆነ ችግር አለ። ሳህኑ ማን እንደጠጣ አይናገርም። ወይ ለአንድ ሁለት ቀን እየተያዩ እንዲውሉ በመሀል ሽቦ አድርጋችሁ ለዩዋቸው፣ ወይም ድምሩን ያዙና ድምሩ ሲዛባ ያን ጊዜ ለዩ።

ደብተር ያዙ። ስልክ ላይ እጽፋለሁ ያለ ሰው በሦስተኛው ቀን ይረሳል፤ ደብተሩን ሳህኑ አጠገብ በክር እሰሩት። እኔ የምጽፈው እንዲህ ነው፤

መጋቢት 12፦ ውሃ 190። ጎመን ትንሽ። ሽንት ቢጫ ደፍራሳ። በጠጥ ደህና። ቀኑ ሙቅ።

ከዚህ በላይ አያስፈልግም። አሥር ቀን ከጻፋችሁ ትንሹንና ትልቁን ታያላችሁ። የጉብሊት ከ170 እስከ 220 ነው። ከእንግዲህ የእሷ «ጤነኛ» ማለት ይኼ ነው፣ የመጽሐፉ አይደለም።

ቁጥሩን የሚያንቀሳቅሰው ሁሉ በሽታ አይደለም

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው በከንቱ የሚደነግጠው እዚህ ነው።

አገሩ ራሱ ይለያያል። ጎጃም ማለት ደጀን ላይ ጋቢ ለብሳችሁ ተነስታችሁ አንድ ሰዓት ሳይሞላ አባይ በረሃ ላይ ላብ በላብ የምትሆኑበት አገር ነው። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ላይ ናት፣ ደብረ ማርቆስ ደግሞ 2400 ሜትር አካባቢ። ማርቆስ ያለች ጥንቸልና እዚህ ያለች ጥንቸል ኪሏቸው አንድ ቢሆንም የሚጠጡት አንድ አይሆንም። ስለዚህ «የእህቴ ጥንቸል እኮ ይህን ያህል አትጠጣም» ማለት ዋጋ የለውም።

ሙቀት ትልቁ ነው። ጥንቸል እንደ ሰው አታልብም። ሙቀቷን የምታስወጣው በዋናነት በጆሮዋ ነው። ከሰዓት 30 ዲግሪ በሚጠጋበት ወር ውሃ ብትጨምር ደግ አደረገች፣ መጨመር አለባት። በዚያ ሙቀት ውሃ ካልጨመረች ነው እኔ የምፈራው።

ቀጥሎ መኖ። ነሐሴና መስከረም ላይ ሰርዶው ለምለም ነው፣ ማገጡ በየሜዳው ነው፣ አንድ እቅፍ አጭዳችሁ ስትሰጧት ሳህኑን ዞር ብላም አታየው። ትክክል ናት። ለምለም ቅጠል አብዛኛው ውሃ ነው። 200 ግራም ሰላጣ የበላች ጥንቸል ሳህን ሳትነካ 180 ሚሊ ሊትር ገደማ ውሃ ወስዳለች። የካቲት ላይ ሳሩ ደርቆ ድርቆሽ ብቻ ስትሰጧት ደግሞ ሳህኑ ቶሎ ቶሎ ይጎድላል። ይህ በየዓመቱ ይመላለሳል፤ እኔ አሁን የክረምትና የበጋ ብዬ ሁለት ቁጥር ነው የያዝኩት።

ሁዳዴም አለ። 55 ቀን ቤቱ ጎመንና ቆስጣ በጎመንና ቆስጣ ይሆናል፣ ግንዱም ቅጠሉም ወደ ጉብሊት ይሄዳል፣ የሳህኗ ውሃ ይቀንሳል። እዚህ ላይ ግን ሌላ ጣጣ አለ፣ ሽንቱ ጋ ስንደርስ እመለስበታለሁ። በበዓል ማለዳ ቄጤማ ከወለል ላይ ስትለቅምም እንዲሁ ያን ቀን ቁጥሩ ይወርዳል፤ ደብተሩ ላይ «በዓል» ብዬ አልፈዋለሁ።

ጨው ጥማት ያመጣል። ዳንግላ ያለ ዘመዴ እንደ ከብት አሞሌ ያስልሳታል፤ «ያበረታታል» ይላል። ጥንቸል ድርቆሽና ቅጠል ካገኘች አሞሌ አያስፈልጋትም። ከቡና ቁርስ ላይ ጨው የነካው ቆሎ የሚወረውርላት ልጅ ካለም እዚያው ላይ አስቁሙት።

የምታጠባ እናት ደግሞ ሌላ ዓለም ናት። እርግዝናው 31 ቀን ገደማ ነው፤ ከወለደች በኋላ ከድሮዋ ብዙ እጥፍ ትጠጣለች፤ ሳህኗ ለአፍታም ባዶ መሆን የለበትም።

የውሃው ጣዕምም አለ። ቧንቧ ጠፍቶ ሲመለስ ውሃው ይደፈርሳል ወይም የክሎሪን ሽታ ይዞ ይመጣል፣ አንዳንዷ ጥንቸል አሽትታ ትተወዋለች። ከጆግ ውስጥ አሳድራችሁ ስጧት።

ሽንቱን እንዴት እንደምታዩት

ጥንቸል ጥሩ ልማድ አላት፤ አንድ ጥግ ትመርጥና እዚያው ትሸናለች። የመረጠችው ጥግ ላይ ዝቅ ያለ ሳፋ አስቀምጡ፣ ከሥሩ ጋዜጣ፣ ከላዩ ድርቆሽ። ለማየት ስትፈልጉ ግን ጋዜጣውንም ድርቆሹንም አንስታችሁ ነጭ ጨርቅ አንጥፉበት። ቀለሙም መጠኑም ፍንትው ብሎ ይታያል። ብዛቱን ማወቅ ከፈለጋችሁ ጨርቁን ደረቅ ሳለ መዝኑት፣ ሲረጥብ መዝኑት፣ ልዩነቱ በግራም ሲወሰድ በግምት ሚሊ ሊትሩ ነው። እኔ ይህንን የማደርገው ስጠራጠር ብቻ ነው፣ በየቀኑ ማን ይመዝናል!

አሁን ቀለሙ። እዚህ ላይ የሰውን ሽንት እርሱት። የጥንቸል ሽንት ጤነኛ ሆኖ ቢጫ፣ ብርቱካንማ፣ ቡናማ፣ እንዲያውም ቀይ ሊሆን ይችላል። ደፍራሳ መሆኑም ጤና ነው። ሲደርቅ ወለሉ ላይ እንደ ኖራ ነጭ ነገር ይቀራል። ምክንያቱ ካልሲየም ነው። ሌላው እንስሳ ከምግቡ ውስጥ የሚፈልገውን ያህል ካልሲየም ብቻ ነው የሚወስደው። ጥንቸል ግን ያገኘችውን ሁሉ ማለት ይቻላል ወደ ደሟ ታስገባና የተረፋትን በኩላሊቷ በኩል ታስወጣዋለች። ያን ነጭ ነገር ማስለቀቅ ካቃታችሁ አቼቶ አፍስሱበት፤ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይለቃል።

ቀይ ሽንት ላይ የራሴን ልንገራችሁ። ጉብሊት ገና ዓመት ሳይሞላት ሳለ ጠዋት ተነስቼ ነጩ ሴራሚክ ላይ እንደ ደም የቀላ ኩሬ አየሁ። እግሬ ከዳኝ። በባጃጅ እያለቀስኩ ይዣት ሄድኩ። ሐኪሙ የሽንት መመርመሪያዋን ወረቀት ነከር አድርጎ አየና «ደም የለም፤ ትናንት ምን በላች?» አለኝ። ቀይ ስር! የዕፅዋት ቀለም በሽንቷ ይወጣል፤ ቀይ ስር ባትበላም አንዳንድ ቅጠል ይህን ያደርጋል፣ አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ ይጠፋል።

ታዲያ ደምን እንዴት ትለዩታላችሁ? ኩሬው ከዳር እስከ ዳር እኩል ከቀላ አብዛኛውን ጊዜ የቅጠል ቀለም ነው። ቢጫው ሽንት መሀል ላይ ነጠብጣብ ወይም የረጋ ነገር ካያችሁ፣ ወይም መጨረሻ ላይ ብቻ ከቀላ፣ ደም ነው ብላችሁ ተነሱ። በዓይን ብቻ መቶ በመቶ አይለይም። በመመርመሪያዋ ወረቀት ወይም በማይክሮስኮፕ ይለያል፤ ለሰው የሚሠራበት ወረቀት ለእሷም ይሠራል። ሴት ከሆነች፣ ማህፀኗ ካልወጣና ሦስት ዓመት ካለፋት ግን ቀይ ነገርን በቀላሉ አትለፉት። ያልተመከነች ሴት ጥንቸል ዕድሜዋ ሲገፋ የማህፀን ካንሰር በጣም ያጠቃታል፣ ደሙም አንድ ቀን መጥቶ ሳምንት ሊጠፋ ይችላል። ጠፋ ብላችሁ አትዘናጉ።

ከቀለሙ ይልቅ ውፍረቱን እዩ። ደፍራሳ ይሁን እንጂ እንደ ውሃ መፍሰስ አለበት። እንደ አጥሚት ከወፈረ፣ ይባስ ብሎ እንደ ጥርስ ሳሙና ተጣብቆ ከወጣ፣ ካልሲየሙ ፊኛዋ ውስጥ እየረጋ ነው። ይህ ሲቆይ ጠጠር ይሆናል። ሁዳዴን ያነሳሁት ለዚህ ነው። የአበሻ ጎመን ካልሲየሙ ብዙ ነው፣ አልፋልፋም እንዲሁ። ሁለት ወር ሙሉ ጎመን በጎመን የሆነች፣ ኪሎዋ የከበደ፣ ከሣጥኗ የማትንቀሳቀስ ጥንቸል አጥሚት ብትሸና አይግረማችሁ። ጎመኑን ቀንሱ፣ አልፋልፋውን ለግልገሎች ተዉት፣ የሣር ድርቆሽ አብዙላት፣ ቅጠሉን ውሃ እንደጠጣ ሳታራግፉ ስጧት፣ ከሣጥኗ አውጥታችሁ ግቢ ውስጥ አሯሩጧት። ሰነፍ ፊኛ ውስጥ ዝቃጭ ይጠራቀማል።

ጥርት ያለ ሽንትስ? ግልገሎች፣ እርጉዞችና የሚያጠቡ እናቶች ካልሲየሙን ራሳቸው ስለሚጠቀሙበት ሽንታቸው ጥርት ይላል። ምግብ ያቆመች ጥንቸልም እንዲሁ። ትልቅ ሆና፣ ሳታረግዝ፣ ሁልጊዜ እንደ ውሃ የሆነ ብዙ ሽንት የምትሸና ከሆነና ሳህኗም ቶሎ የሚጎድል ከሆነ ኩላሊቷን አስመርምሩ።

የምትሸናበት ቦታና አሸናኗ

ሳፋዋን የምታውቅ ጥንቸል በድንገት በየቦታው መሽናት ከጀመረች ዕድሜዋን አስቡ። ከአራት እስከ ስድስት ወር አካባቢ ለአቅመ ሄዋን ወይም ለአቅመ አዳም ሲደርሱ ግቢው የእኔ ነው ለማለት ይረጫሉ። ወንዱ ይብሳል፣ ግድግዳ ላይም ይረጫል። ያ ሕመም አይደለም፣ ጉራ ነው። ትልቋ፣ ልማዷን የምታውቀው ከሆነች ግን አንድ የሚያማት ነገር አለ።

ጎበጥ ብላ ቆይታ ጠብታ ብቻ ካወጣች፣ ስትሸና ጥርሷን ካንቀጫቀጨች፣ ጭራዋን ከፍ አድርጋ ካማጠች፣ ወይም ሳፋው ላይ ወጥታ ወርዳ ምንም ካላገኛችሁ ቀን አትቁጠሩ። ጠጠር መንገዱን ዘግቶ ሊሆን ይችላል። በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ነው።

በየማታው አንዴ ገልብጣችሁ ኋላዋን እዩ። (በጀርባዋ ሙሉ በሙሉ አታስተኟት፣ ትደነግጣለች፤ ጭናችሁ ላይ ደገፍ አድርጋችሁ ነው።) በሽንት የረጠበ ቆዳ ይቃጠላል፣ ፀጉሩ ይረግፋል። ከዚያ የባሰው ዝንብ ነው። ዝንብ እርጥቡ ላይ እንቁላሏን ትጥላለች፣ በሙቀት ቀን በአንድ ቀን ውስጥ ትል ይፈላበታል፣ ትሉ ደግሞ ሥጋዋን ይበላል። ክረምት ሲወጣ ዝንቡ ሲበዛ ይህን ማየት አትተዉ። ሽንት ሳታውቀው የሚንጠባጠብባት፣ የኋላ እግሯ የሚደክምባት ወይም አንገቷ ወደ አንድ ጎን የሚጣመምባት ጥንቸል ኢንሰፋሊቶዙን የሚባል ጥቃቅን ተሕዋስ ይዟት ሊሆን ይችላል። በሽንት ነው የሚተላለፈው፣ ኩላሊትንም ይጎዳል። ሰውነቱ በሕመም የተዳከመ ሰውን ሊይዝ ስለሚችል ሳፋውን ካጠባችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ቤት ውስጥ ሕመምተኛ ካለ ሳፋውን እሱ አይንካ።

ሁለቱን አንድ ላይ አንብቡ

ሳህኑ ብቻውን ወይም ሽንቱ ብቻውን ግማሽ ወሬ ነው። አብራችሁ እዩዋቸው፣ ከምግብና ከበጠጥ ጋር።

ውሃ ጨመረ፣ ሽንት ጨመረ፣ ምግብ ደህና ነው፣ ሙቀትም ጨውም የለም፦ ሦስት ቀን ለኩ። በሦስቱም ቀን ከትልቁ ቁጥሯ በላይ ከሆነ ለምርመራ ውሰዷት።

ውሃ ጨመረ፣ ድርቆሽ ቀነሰ፦ የጉብሊት ታሪክ ነው። ጥርሷን አሳዩ። የፊት ጥርሷን አይታችሁ «ደህና ነው» አትበሉ፤ የሚያስቸግረው የመንጋጋው ነው፣ እሱን ሐኪሙ በመብራት ካልሆነ አታዩትም። ካሮት ትበላና ድርቆሽ ትተዋለች፣ አገጯ ይረጥባል፣ በጠጧ ያንሳል።

ውሃ ቀነሰ፣ ምግብ ቀነሰ፣ በጠጥ ቀነሰ፦ በጣም አስቸኳዩ ይህ ነው። የጥንቸል ሆድ መቆም አይችልም፣ ማስመለስም አትችልም። ከጠዋት እስከ ማታ ሳትበላና በጠጥ ሳትጥል ከዋለች «እስከ ነገ እንያት» አትበሉ። ነገ ላትኖር ትችላለች።

ውሃ እንደ ድሮው፣ ሽንት ቀነሰ፣ ቶሎ ቶሎ ሳፋ ላይ ትወጣለች፦ የፊኛ ነገር ነው፣ ከላይ ብያለሁ።

የማይደረጉ

ብዙ ጠጣች ብላችሁ ውሃ አትከልክሉ። ይህን የሚመክር ሰው አጋጥሞኛል፣ ያውም በልበ ሙሉነት። ኩላሊቷ የደከመ ጥንቸል ውሃ ካጣች በአንድ ቀን ትወድቃለች። ሳህኑን ሙሉ አድርጉ፣ እየለካችሁ።

ከፋርማሲ አሞክሲሲሊን ገዝታችሁ በአፏ አትስጡ። አምፒሲሊንም አይሆንም። ለልጅ የሚሰጥ ሽሮፕ ለጥንቸል መርዝ ነው፤ ሆዷ ውስጥ ያሉትን ምግብ የሚፈጩላትን ባክቴሪያዎች ይገድልና ተቅማጥ ይዟት ትሞታለች። ለጥንቸል የሚሆን ሌላ ዓይነት መድኃኒት አለ፣ መጠኑን ሐኪሙ ያውቃል።

ደክማ ተኝታ ሳለ አፏን ከፍታችሁ ውሃ አታንቆርቁሩባት፣ ሳንባዋ ይገባል። ንቁ ከሆነች በሲሪንጅ ከአፏ ጎን በኩል አንድ አንድ ሲሲ እያደረጋችሁ፣ እስክትውጥ እየጠበቃችሁ መስጠት ይቻላል።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ

የወረዳ የእንስሳት ክሊኒክ ያለው ሐኪም ቀኑን ሙሉ የሚያየው በሬ፣ አህያና በግ ነው። ጥንቸል በዓመት ስንቴ ትመጣለታለች? ስለዚህ ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ። «ብዙ ትጠጣለች» ከማለት «ከ190 ወደ 350 ገብታለች፣ ሦስተኛ ሳምንቷ ነው፣ ኪሎዋ ከ2 ወደ 1.8 ወርዷል» ማለት ሥራውን በግማሽ ያቀልለታል። እኔ ያን ጊዜ ደብተር አልነበረኝምና ሐኪሙ ሲጠይቀኝ የማውቀው «ብዙ» የሚለውን ቃል ብቻ ነበር። ለማንኛውም የጆሮ መመርመሪያ መብራቱን አፏ ውስጥ አስገብቶ ጥርሱን አገኘው፣ አስተኝቶ ሞረደላት፣ በአራተኛው ቀን ድርቆሽ ስታኝክ ድምፁን ሰማሁ።

ሽንትም ይዛችሁ ሂዱ። ሳፋውን በደንብ አጥባችሁ ምንም ሳታነጥፉበት አስቀምጡላት፣ ስትሸና በሲሪንጁ ሳቡት፣ ንጹሕ ብልቃጥ ውስጥ አድርጋችሁ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ አድርሱ። ካደረ አይረባም።

መንገዱን በጠዋት ያዙ። ዘንቢሉ ሥር እርጥበት የሚመጥ ጨርቅ፣ ከላዩ የለመደችው ድርቆሽ። ቀኑ ሙቅ ከሆነ በረዶ የሆነ ሃይላንድ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ጎኗ ላይ አድርጉላት። የባጃጁ ሹፌር ዘንቢሉ ውስጥ አጮልቆ አይቶ «ለምኗ ነው?» ማለቱ አይቀርም፤ ቀስ ብሎ እንዲነዳ ብቻ ንገሩት።